ክብርና ዓላማ፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ታሪክ

አእምሮ ያለ አካል፣ አካልም ያለ አእምሮ ሙሉ ሰው እንደማያደርግ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህም ትምህርት ቤት የሚሠሩ ሰዎች ከመማሪያው ክፍል ቀጥሎ የሚያስቡት ስለ መጫወቻው ሜዳ ነው። ነገር ግን ለትምህርት አጋዥ እንዲሆን የተጠራው ጨዋታ ከጊዜ ብዛት የቤቱ ጌታ ሆኖ ቢገኝ ምን ይደረጋል? ይህ ጥያቄ በወረቀት ላይ ሲጽፉት ቀላል ይመስላል። በተግባር የገጠመው አንድ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ግን መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘውን የቺካጎ ዩኒቨርሲቲን የእግር ኳስ ቡድን ታሪክ ነው። ይህን ዩኒቨርሲቲ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በአሜሪካ የኮሌጅ እግር ኳስ ታሪክ ብዙ ዋንጫ የሰበሰቡ ቡድኖች አሉ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደካማ ሆነው የኖሩም አሉ። ቺካጎ ግን ከጨዋታው ከፍተኛ ማዕርግ ደርሶ፣ ለአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች የተዘጋጀውን የመጀመሪያውን ሽልማት ተማሪው ከወሰደ ከአራት ዓመት በኋላ ቡድኑን በገዛ እጁ ያፈረሰ ዩኒቨርሲቲ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

አሜሪካውያን «ፉትቦል» የሚሉት ጨዋታ እኛ እግር ኳስ ከምንለው እጅግ የተለየ ስለ ሆነ፣ አስቀድመን ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። ኳሱ ክብ ሳይሆን እንደ ዕንቁላል ሞላላ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በእጅ ይያዛል። ከየወገኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ በሁለቱ የግብ መሥመሮች መካከል ያለው ርቀት 100 ያርድ፣ ማለት 91 ሜትር ያህል ነው። ዛሬ በሚሠራበት ሕግ ኳሱን የያዘው ወገን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ያልቻለ እንደ ሆነ ኳሱን ለተቃራኒው ያስረክባል። ተከላካዮቹ ደግሞ ኳስ የያዘውን ሰው አንቀው መሬት ላይ ይጥሉታል። ኳሱን ይዞ የተቃራኒውን የግብ መሥመር ያለፈ ለወገኑ 6 ነጥብ ያስገኛል። በራሱ የግብ ክልል ውስጥ ኳሱን እንደ ያዘ የተጣለ ግን ለተቃራኒው ወገን 2 ነጥብ ያስቆጥራል። ይህችን የ2 ነጥብ ሕግ አንባቢ ልብ እንዲላት እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስባታለንና።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነዳጅ ዘይት ከበርቴ የነበሩት ጆን ሮክፌለር በሰጡት ገንዘብ በ1890 ተመሠረተ፤ በሩን ለተማሪዎች የከፈተውም ኦክቶበር 1 ቀን 1892 ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር በ18 ዓመት ዕድሜያቸው የዶክተርነት ማዕርግ ያገኙ፣ የዕብራይስጥና የሌሎች ሴማውያን ቋንቋዎች ሊቅ ነበሩ፤ ይኸውም የእኛ ግዕዝ የሚመደብበት የቋንቋ ቤተ ሰብ ነው። እኒህ ሰው መምህራንን ከየቦታው ሰብስበው ከፍ ያለ የምርምር ቤት ለማቋቋም ቆርጠው ተነሡ። ነገር ግን አንድ ችግር ነበረባቸው። ሐርቫርድና ዬል ከአሜሪካ መንግሥት መመሥረት አስቀድሞ የቆሙ ሲሆኑ፣ የቺካጎ ግንብ ገና ኖራው አልደረቀም ነበር። የዩኒቨርሲቲውን ስም በአገሩ ሁሉ በቶሎ የሚያስጠራ ነገር አስፈለጋቸው።

ስለዚህ ፕሬዚዳንት ሃርፐር በዬል ሳሉ ያስተማሩትን አሞስ አሎንዞ ስታግን ጠሩ። ሚስተር ስታግ በ1862 የተወለዱ፣ ሰባኪ ለመሆን አስበው ዬል የገቡና በዚያም በኳስ ችሎታቸው ስማቸው የታወቀ ሰው ነበሩ። በኋላ ግን ወጣቶችን በስብከት ከማነጽ ይልቅ በጨዋታ ሜዳ ማነጽ እንደሚሻላቸው ተረድተው ሐሳባቸውን ለወጡ። ቺካጎም በዓመት 2,500 ዶላር ደመወዝ የአካል ማጎልመሻ ትምህርት ክፍል ሹም አድርጎ ቀጠራቸው። ከደመወዙ ይልቅ የሚደንቀው ማዕርጋቸው ነበር፤ እንደ ማናቸውም ቋሚ ፕሮፌሰር ከመምህራን ተቈጥረው ሥራቸው የዕድሜ ልክ እንዲሆን ተደረገ። የዚህ ሐሳብ መነሻ መልካም ነበር። አሠልጣኙ መምህር ከሆነ ለማሸነፍ ሲል ሕግ አያፈርስም፤ ተጫዋቹንም እንደ ተማሪ ያያል ተብሎ ታስቦ ነው።

በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የተጫዋች ቍጥር አነስተኛ ስለ ነበረ ሚስተር ስታግ ራሳቸው ከተማሪዎቻቸው ጋር ተሰልፈው ይጫወቱ ነበር። ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ ግን በ1894 ቡድኑ በባቡር እስከ ካሊፎርኒያ ተጕዞ በዚያው ዓመት በገና ዕለት የስታንፎርድን ዩኒቨርሲቲ 24 ለ 4 አሸነፈ። ተጫዋቾቹም ከለበሱት ጥቁር ቀይ መለያ የተነሣ «ማሩንስ» ተባሉ። በ1896 ቺካጎን ጨምሮ ሰባት የመካከለኛው ምዕራብ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርታቸውን ሥርዐት በአንድነት የሚመሩበት ማኅበር አቋቋሙ፤ ይህም ኋላ «ቢግ ቴን» ተብሎ የታወቀው ነው። ቺካጎ በዚህ ማኅበር ውስጥ በ1899፣ በ1905፣ በ1907፣ በ1908፣ በ1913፣ በ1922 እና በ1924 የሻምፒዮናነቱን ክብር አግኝቷል። ፕሬዚዳንት ሃርፐር የተመኙት ስም ተገኘ ማለት ነው።

ከእነዚህ ዓመታት ሁሉ የሚበልጠው 1905 ነው። በዚያን ጊዜ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ1901 ጀምሮ በ56 ግጥሚያዎች ሳይሸነፍ የኖረ፣ በደቂቃ አንድ ነጥብ ያገባል እየተባለ የሚፈራ ቡድን ነበር። ኖቬምበር 30 ቀን 1905፣ አሜሪካውያን የምስጋና በዓል በሚያከብሩበት ዕለት፣ ሁለቱ በቺካጎ ሜዳ ተገናኙ። ጨዋታው እጅግ ብርቱ ስለ ነበረ ማናቸውም ወገን የሌላውን የግብ መሥመር ሊያልፍ አልቻለም። በመጨረሻ የቺካጎው ዋልተር ኤከርሳል ኳሱን በእግሩ አርቆ መታው፤ የሚሺጋኑ ተጫዋች ዴኒ ክላርክም ኳሱን በገዛ ግብ ክልሉ ውስጥ ይዞ ሊሮጥ ሲሞክር ተያዘና ተጣለ። ያች የ2 ነጥብ ሕግ የዓመቱን ክብር ቈረጠች፤ ቺካጎ 2 ለ 0 አሸነፈ።

ፕሬዚዳንት ሃርፐር በዚያን ጊዜ በጽኑ ሕመም ላይ ነበሩ። ድሉ ከተገኘ 41 ቀን ቆይቶ፣ ጃኑዋሪ 10 ቀን 1906፣ በ49 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። የጠሩት እንግዳ በቤቱ ውስጥ ምን ያህል እንዳደገ ለመመርመር ጊዜ አላገኙም። ኤከርሳል በበኩሉ በአገሩ ሁሉ ስሙ የተጠራ ጀግና ሆነ፤ ሆኖም ከዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ። ይህን የምንጽፈው ተጫዋቹን ለመንቀፍ አይደለም። አንድ ወጣት በትምህርት ቤት ስም ለዓመታት ሲሮጥ፣ ትምህርት ቤቱ ግን ከዋንጫው በቀር ለእርሱ ያላሰበለት እንደ ሆነ፣ ዕዳው የማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

በዚያው በ1905 የጨዋታው ጭካኔ መላውን አሜሪካ አስጨንቆ ነበር። በአንድ የጨዋታ ወራት ብቻ ወደ 20 የሚጠጉ ወጣቶች በሜዳ ላይ በደረሰባቸው ጉዳት እንደ ሞቱ ተቈጠረ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሐርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጠርተው ጨዋታው እንዲሻሻል አሳሰቡ። በ1906 ኳሱን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ፤ ይህም ተጫዋቾቹ በአንድ ስፍራ ተከማችተው እንዳይተፋፈጉ ለማድረግ ነበር። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጨዋታውን እስከ 1915 ድረስ ከግቢው አስወጣው። ቺካጎ የነበረበት ማኅበርም በ1906 መጀመሪያ ተሰብስቦ የአንድ ዓመት ግጥሚያ ከአምስት እንዳይበልጥ፣ አንድ ተማሪም ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይጫወት ወሰነ። ሚሺጋን ይህ ሥርዐት ከብዶት ከማኅበሩ ለብዙ ዓመት ሲለይ ቺካጎ በሥርዐቱ ጸንቶ ቀረ። እንዲህ ያለው እርማት የሰውን ሕይወት ስላዳነ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ የተሻሻለው አጨዋወቱ ነው እንጂ ጨዋታው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የያዘው ወንበር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ የገንዘብ ዘመን ሆነ። የመጫወቻው ሜዳ በሚስተር ስታግ ስም «ስታግ ሜዳ» ተብሎ ተሰየመ፤ መቀመጫዎቹም በየጊዜው እየተጨመሩ በ1920ዎቹ መጨረሻ 50,000 ያህል ተመልካች የሚይዝ ሆነ። በ1922 ቺካጎ ከፕሪንስተን ጋር ያደረገው ግጥሚያ በስልክ መሥመር ወደ ኒውዮርክ ተላልፎ በራዲዮ ተሰማ፤ በዚያ ቀን ፕሪንስተን 21 ለ 18 አሸነፈ። የሚስተር ስታግ ክፍል የመግቢያውን ገቢ ይዞ በራሱ በጀት የሚተዳደር ስለ ሆነ፣ አሠልጣኙን ከመምህራን ሥርዐት በታች ለማድረግ የታሰበው ማዕርግ በተግባር በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሌላ ትንሽ መንግሥት አቆመ። መምህር የተባሉት ሰው ክፉ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ሚስተር ስታግ በጨዋነታቸውና በሃይማኖታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ነገር ግን የመልካም ሰው መሾም የመልካም ሥርዐትን ቦታ ሊሞላ እንደማይችል ከዚህ እንማራለን።

በዚሁ ጊዜ የቺካጎ ኀይል መድከም ጀመረ። በዙሪያው ያሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ሺሕ ተማሪዎች ሲሰበስቡ፣ ቺካጎ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ጥቂት፣ ከፍተኛ ምርምር የሚያደርጉት ግን ብዙ የሆነ ቤት ነበር። ለተጫዋችነት ብቻ ብሎ የትምህርት ገንዘብ አይከፍልም፤ ደካማ ተማሪ የሚሸሸግበት ቀላል የትምህርት ክፍልም አላዘጋጀም። በ1931 ደግሞ ተማሪ ሁሉ በአጠቃላይ ከባድ ፈተና የሚመዘንበትን አዲስ የትምህርት ሥርዐት አቆመ። በአንድ እጁ የትምህርቱን ሚዛን እያከበደ፣ በሌላው እጁ ከሚሺጋንና ከኦሃዮ ጋር ልታገል የሚል ቤት ሁለቱን አንድ ላይ ሊይዝ እንደማይችል ግልጽ እየሆነ ሄደ።

ሮበርት ሜይናርድ ሃቺንስ በ1929 በ30 ዓመት ዕድሜያቸው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ። እኒህ ሰው ቀድሞ በዬል የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ሥራ እውነትን መፈለግና አእምሮን ማሠልጠን ብቻ ነው ብለው የሚያምኑ ናቸው። ሚስተር ስታግ 70 ዓመት በሞላቸው ጊዜ፣ በ1932፣ በዕድሜ ገደብ ምክንያት ከ41 የጨዋታ ዓመታት በኋላ ከአሠልጣኝነታቸው ተነሡ። ማረፍ ግን አልወደዱም፤ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው በፓሲፊክ ኮሌጅ እስከ 1946 አሠለጠኑ፤ በ1965ም በ102 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። በቺካጎ በእርሳቸው እግር የተተኩት ክላርክ ሾነሲ ነበሩ።

የሚደንቀው ነገር የቺካጎ ታላቅ ተጫዋች የተገኘው በዚህ የድካም ዘመን መሆኑ ነው። ጄይ በርዋንገር ከአይዋ ግዛት ከደቡክ ከተማ የመጣ ወጣት ሲሆን፣ የትምህርቱን ወጪ ለመቻል በዩኒቨርሲቲው ምግብ እያቀረበ፣ የስፖርቱን ቤት እያጸዳ፣ አሳንሰርም እየነዳ ይሠራ ነበር። በ1934 ከሚሺጋን ጋር በተደረገው ግጥሚያ ላይ የሚሺጋን ተጫዋች የነበረው ጀራልድ ፎርድ ሊጥለው ሲሞክር ጕንጩ ላይ ቈሰለ። ፎርድ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ የዚያን ቀን ጠባሳ በፊቱ ላይ ይዞት ኖሯል። በ1935 በርዋንገር ዛሬ «ሃይዝማን» የሚባለውን የምርጥ ተጫዋች ሽልማት የመጀመሪያው ተቀባይ ሆነ። የቡድኑ ውጤት ግን በዚያው ዓመት አራት ድልና አራት ሽንፈት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1936፣ የባለሙያ ቡድኖች ተጫዋቾችን በተራ መምረጥ ሲጀምሩ ከሁሉ አስቀድሞ የተጠራው ስም የበርዋንገር ነበር። እርሱ ግን በደመወዝ መጫወቱን ትቶ ወደ ንግድና ወደ ፋብሪካ ሥራ ገባ። ሽልማቱም ለብዙ ዓመት በአክስቱ ቤት የመዝጊያ ማቆሚያ ሆኖ እንደ ኖረ ይነገራል። ሰሃን እያመላለሰ የተማረ፣ ትምህርቱን የፈጸመ፣ ክብሩንም በልክ የያዘ ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲው ከጨዋታ ሊያገኘው የሚገባውን ፍሬ ያሳያል ብንል ያጋነንን አይመስለንም።

ፕሬዚዳንት ሃቺንስ በዲሴምበር 1938 በአንድ ታዋቂ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ስለ መግቢያ ገቢና ስለ ክብር ሰፊ ጽሑፍ አወጡ። በዚያ ጽሑፍ ጨዋታን አልነቀፉም፤ የነቀፉት ጨዋታን የገንዘብና የዝና መሣሪያ ማድረግን ነው። መድኀኒቱም የመግቢያው ዋጋ ወደ 10 ሳንቲም ዝቅ እንዲልና አሠልጣኞች በማሸነፍና በመሸነፍ ሳይመዘኑ የሥራ ዋስትና እንዲኖራቸው ማድረግ ነው ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ገንዘቡ ከወጣ ችግሩም አብሮ ይወጣል ማለታቸው ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የ1939 የጨዋታ ወራት ለቺካጎ የመከራ ወራት ሆነ። ሚሺጋን 85 ለ 0፣ ሐርቫርድ 61 ለ 0፣ የኦሃዮ ግዛት ዩኒቨርሲቲም 61 ለ 0 አሸነፉት። የመጨረሻው ግጥሚያ ኖቬምበር 25 ቀን ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተደርጎ 46 ለ 0 በሆነ ሽንፈት ተፈጸመ። በዚህ ላይ አንድ ቃል መናገር እንፈልጋለን። እነዚያ ተጫዋቾች እንደ ጓደኞቻቸው ክፍል ገብተው የሚማሩ፣ እንደ ጓደኞቻቸውም የሚፈተኑ ተማሪዎች ነበሩ። ለኳስ ብቻ ተመርጠው ከመጡ ኀይለኞች ፊት በየሳምንቱ እየቆሙ ሲወድቁና ሲነሡ፣ ያፈሩት እነርሱ ሳይሆኑ ወደማይመጥናቸው ውጊያ የላካቸው ቤት ሊያፍር ይገባው ነበር። የ85 ለ 0 ውጤት ለሚሺጋን ድል ተብሎ ተጽፏል፤ እኛ ግን በዚያ ቀን እስከ መጨረሻው ደቂቃ ከሜዳው ላልሸሹት ልጆች ክብር እንሰጣለን።

ዲሴምበር 21 ቀን 1939 የዩኒቨርሲቲው የአስተዳደር ጉባኤ ቺካጎ ከዩኒቨርሲቲዎች የእግር ኳስ ውድድር መውጣቱን አስታወቀ። በ1946ም ከቢግ ቴን ማኅበር ፈጽሞ ወጣ። ብዙ የቀድሞ ተማሪዎች አዘኑ፤ የወጣትነታቸው ትዝታ ሁሉ በዚያ ሜዳ ላይ ነበርና። ሌሎች ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ራሱ ዓላማ ሲል የሚወደውን ነገር መተው መቻሉን አደነቁ።

ነገሩን በቅን ልቡና ስንመረምረው ከሁለቱም ወገን እውነት እናገኛለን። ውሳኔውን የሚነቅፍ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ቺካጎ ጨዋታው ለዩኒቨርሲቲ የማይገባ መሆኑን ያወቀው በ1905 ድል ሲያደርግ ሳይሆን በ1939 ድል ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ያፈረሰው ለዓላማው ሲል ሳይሆን ከኀፍረት ለመዳን ነው።» ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የአገራችን ምሳሌም «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላል። ጥፋት መታረም የሚገባው ውጤቱ ከመጣ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው፤ የድል ጩኸት ግን ጆሮን ይደፍናል።

ቢሆንም ሌላውን እውነት መርሳት አይገባም። ሽንፈት ለተሸናፊ ሁለት በር ይከፍታል። በአንደኛው የገባ ገንዘብ አውጥቶ ብርቱ ተጫዋች ይገዛል፤ የመግቢያ ፈተናውንም ለኳስ ሲል ያቀላል። በሁለተኛው የገባ ደግሞ «ይህን ነገር መጀመሪያ ለምን ጀመርነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። በመጀመሪያው በር የገቡ ብዙ ናቸው፤ ቺካጎ ግን በሁለተኛው ገባ። ሽንፈቱ ጥያቄውን አመጣው እንጂ መልሱን አልሰጠውም፤ መልሱ የተገኘው ቤቱ ስለ ዓላማው የጠራ ሐሳብ ስለ ነበረው ነው።

ጨዋታው ሲቀር መቀመጫዎቹ ባዶ ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፕሮፌሰር አርተር ኮምፕተንና ባልደረቦቻቸው የአቶም ኀይል ሙከራቸውን ከከተማው ውጭ ሊያደርጉ አስበው ነበር። የሚሠራላቸው ሕንፃ በሠራተኞች አድማ ምክንያት ስለ ዘገየ፣ በስታግ ሜዳ በምዕራቡ መቀመጫ ሥር ወደሚገኘው የስኳሽ መጫወቻ ክፍል ገቡ። በዚያም የፋሺስትን አገዛዝ ትቶ ከኢጣልያ የመጣው ኤንሪኮ ፌርሚ ከባልደረቦቹ ጋር የግራፋይትና የዩራንየም ቍራጮችን እንደ ድንጋይ ካብ ደራረበ። ዲሴምበር 2 ቀን 1942 የሰው ልጅ ራሱን በራሱ የሚያቀጣጥል የኑክሌር ኀይል ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሣ። ፕሮፌሰር ኮምፕተን ይህን ሙከራ በከተማ መካከል ሲያደርጉ የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ፈቃድ አልጠየቁም፤ ቢጠየቁ ኖሮ መከልከል ግድ ይሆንባቸዋል ብለው አስበዋልና።

ከዚያ ቀን ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በኦገስት 1945፣ ሂሮሺማና ናጋሳኪ በአቶም ቦምብ ጠፉ። እንግዲህ ሜዳው ከጨዋታ ተለቆ ለዕውቀት ቢሰጥም፣ ዕውቀትም እንደ ጨዋታው ሁሉ ጠባቂና ልክ የሚያሻው መሆኑን የስታግ ሜዳ ታሪክ ያስተምረናል። ኳሱ በቃ የተባለው ከብዙ ምክር በኋላ ነበር፤ ከኳሱ እጅግ የሚከብደው ነገር ግን በመቀመጫው ሥር ያለ ፈቃድ ተጀመረ። በዚያ ሜዳ የነበሩት የመቀመጫ ግንቦች በ1957 ፈረሱ፤ በስፍራው ላይም በ1970 የተከፈተው የሬገንስታይን ቤተ መጻሕፍት ቆመ። በአጠገቡ የሄንሪ ሙር የነሐስ ሐውልት ያንን ዕለት ያስታውሳል።

የእግር ኳሱ ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጨዋታው እንደ ትምህርት ክፍል ሆኖ በትንሹ ሲመለስ፣ በ1963 አንዳንድ ተማሪዎች ሜዳው ላይ ተቀምጠው ተቃወሙት። ያለፈው ዘመን እንዳይመለስ የፈሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በ1969 ቺካጎ በይፋ ወደ ውድድር ተመለሰ። ዛሬ የሚጫወተው ለተጫዋችነት ብሎ የትምህርት ገንዘብ በማይከፈልበት፣ ሦስተኛው ክፍል በሚባለው የውድድር ደረጃ ነው። አዲሱም ሜዳ በሚስተር ስታግ ስም ይጠራል፤ የበርዋንገርም ሽልማት በዩኒቨርሲቲው የስፖርት ሕንፃ ውስጥ ለተመልካች ይታያል። ጨዋታው ከቤቱ አልተባረረም ማለት ነው፤ የጌታውን ወንበር ለቆ በእንግዳው ወንበር ተቀመጠ።

በሌላው በኩል ያ የ1905 ተቀናቃኝ፣ ሚሺጋን፣ ከ100,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም አለው። ከ2021 ወዲህ የአሜሪካ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዶላቸዋል፤ በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። ተጫዋቹ በላቡ የሚገኘውን ገንዘብ መካፈሉ ፍትሕ ነው። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ሃቺንስ ያነሡት ጥያቄ እንዳለ ይገኛል፤ ይኸውም ለተማሪ ተብሎ የተጀመረ ጨዋታ ደመወዝተኛ ሥራ ከሆነ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ሥራ የትኛው ነው የሚል ነው።

ይህ ታሪክ የአሜሪካ ታሪክ ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ትምህርት ቤትም ሆነ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ሊያየው የሚገባ መስተዋት ነው። ማናቸውም ሥራ ሲቋቋም ከዋናው ዓላማ አጠገብ ብዙ አጋዥ ነገሮች ይጠራሉ፤ በዓሉ፣ ሰልፉ፣ ሽልማቱ፣ ዝናው ሁሉ በመልካም ሐሳብ ይገባሉ። ዓላማው ድምፁ ዝቅ ያለ ሲሆን እነዚህ ግን ድምፃቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ የሚሰማው የእነርሱ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ብልህ አስተዳዳሪ የሚባለው እንግዳውን የሚያባርር ሳይሆን ወንበሩን ለይቶ የሚያስቀምጥ ነው፤ ይህንንም ለማድረግ የ85 ለ 0 ቀን እስኪመጣ አይጠብቅም። ቺካጎ በ2 ለ 0 ቀን ያላነሣውን ጥያቄ እኛ በየሥራችን፣ በደስታችን ቀን፣ አስቀድመን ብናነሣው የሌላው ድካም ለእኛ ትምህርት ሆነ ማለት ነው።